የኩሽና ግድግዳ በምን ይቀባ? ማት፣ ሳቲን፣ ዘይት ቀለም ወይስ ኤፖክሲ

ቀለም መሸጫ ገብታችሁ «ለኩሽና የሚሆን ቀለም» በሉ። ሻጩ መልሶ የሚጠይቃችሁ «ምን ከለር?» ብሎ ነው። ከለሩ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የኩሽናን ቀለም የሚጨርሰው የዘይት ፍንጣቂ፣ እንፋሎትና የመወልወያ ጨርቅ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ነጭና ክሬም አይለዩም።

እኔ ይሄን የተማርኩት በራሴ ግድግዳ ነው። ከምድጃው ጀርባ ያለውን «ዘይት ቀለም ይሻላል፣ ይታጠባል» ስባል በነጭ ግሎስ አስቀባሁት። ለሁለት ሳምንት መስታወት መሰለ። አምስተኛው ወር ላይ ከምድጃው በላይ ጥፍር የምታህል ፊኛ አየሁ። ነካ ሳደርጋት ቀለሙ እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሳይበጠስ የክንዴን ያህል ተገሽልጦ እጄ ላይ ቀረ። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤ ቢጫ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ያሙለጨልጫል። ለካ ቀለሙ የተቀባው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ለዓመታት በተጠራቀመ ዘይት ላይ ነው። ቀለሙ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኛ ነበር።

እዚህ የፋብሪካ ስም አልጠራም። አንዱ ፋብሪካ ራሱ ማቱንም፣ ሳቲኑንም፣ ዘይት ቀለሙንም ስለሚያመርት ባልዲው ላይ ያለው ስም ብዙ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ዓይነቱ ነው። ለመግባባት ያህል፦ ማት የማያብለጨልጭ፣ ሳቲን በመጠኑ የሚያብለጨልጭ፣ ሴሚ ግሎስ ከሱ በላይ፣ ግሎስ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቀለም ነው። ፕላስቲክ ቀለም የምለው በውሃ የሚቀጥነውን ነው። ዘይት ቀለም የምለው ደግሞ በአኳራጅ ወይም በቲነር የሚቀጥነውን፣ ሲንተቲክ ወይም ኢናሜል የሚባለውን ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ሲፈተግ ይችላል ወይ? ትልቁ ይሄ ነው። «የሚታጠብ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ባልዲ ማግኘት ይከብዳል። ግን አንዴ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሌላ፣ የደረቀ ዘይትን በሳሙናና በስፖንጅ መፈተግ ሌላ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ቀለም ከሆነ ባልዲው ላይ ወይም መግለጫው ላይ ኢኤን 13300 (EN 13300) የሚል ታያላችሁ፤ ከጎኑ ከ1 እስከ 5 ክፍል ይሰጠዋል። የደረቀው ቀለም በእርጥቡ 200 ጊዜ ይፈተግና ምን ያህል እንደሳሳ ይለካል። የሳሳው ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ከሆነ ክፍል 1 ነው። ከ5 እስከ 20 ከሆነ ክፍል 2። ክፍል 3 እስከ 70 ማይክሮን ድረስ ይሄዳል። አንድ እጅ ቀለም ሲደርቅ ውፍረቱ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስቡና 70 ማይክሮን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስሉት፦ ሁለቱም እጅ ተጠርጎ ሄደ ማለት ነው። ክፍል 4 እና 5 የሚለኩት በ40 ፍትጊያ ብቻ ነው፤ ለኩሽና አታስቧቸው።

ቁጥሩ ካልተጻፈ ራሳችሁ ሞክሩ። ትንሿን ቆርቆሮ ግዙ፣ የማይታይ ጥግ ላይ ሁለት እጅ ቀቡ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት፣ ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጉበትና በሳሙና 50 ጊዜ ፈትጉት። ስፖንጁ ከለር ከያዘ ያ ቀለም ከምድጃ ጀርባ አይበቃም።

እንፋሎት ይችላል ወይ? እንፋሎት የሚመጣው ከድስቱ ብቻ ይመስለናል። በጋዝ የምታበስሉ ከሆነ እሳቱ ራሱ ውሃ ያመርታል፤ 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ 1.6 ኪሎ ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ያ ሁሉ መሄጃ ይፈልጋል። መስኮት ካልተከፈተለት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳው ያልበዋል።

ይወይባል ወይ? አንዳንዱ ቀለም ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ለምትቀቡ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሽታውና የሚደርቅበት ጊዜ። ሳሎን ሲቀባ መኝታ ቤት ይገባል። ኩሽና ሲቀባ ግን ምግብ የሚሠራው የት ነው? አንድ ቀንና ሦስት ቀን ትልቅ ልዩነት ነው።

ጥገና ይቀበላል ወይ? ነገ ፍሪጁን ስትገፉ ግድግዳው ይጫራል። የተጫረውን ብቻ ነካ አድርጎ ማለፍ ይቻላል ወይስ ሙሉ ግድግዳው እንደገና ይቀባል?

ከነዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ብልጭታ በጨመረ ቁጥር ቀለሙ ሲታጠብ ይችላል፣ ግን የግድግዳውን ጉድለት ያሳጣል። ማት ቀለም ውስጥ ዱቄቱ ይበዛል፣ ማያያዣው ሙጫ ያንሳል፤ ላዩ ሸካራና ጠጪ ነው። ግሎስ ላይ ሙጫው ስለሚበዛ ዘይት አይሰርግበትም፤ ነገር ግን ማታ አምፖሉ ሲበራ እያንዳንዱ የስቱኮ ጉብታ ጥላ ይጥላል።

## አንድ ኩሽና፣ ሦስት ግድግዳ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለሙሉ ክፍሉ አንድ ባልዲ ይገዛል፤ ወይ ርካሹን ገዝቶ ከምድጃው ጀርባ ያለው ይበላሽበታል፣ ወይ ውዱን ገዝቶ ማንም የማይነካው ኮርኒስ ላይ ይጨርሰዋል።

ኩሽናውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ከምድጃና ከእቃ ማጠቢያ ጀርባ ያለው ነው፤ ዘይት፣ ውሃና ፍትጊያ በየቀኑ ያገኘዋል። ሁለተኛው እጅ የሚደርስበት ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ፣ የፍሪጁ ጎን፣ የበሩ አጠገብ። ሦስተኛው ከራስ በላይ ያለው ግድግዳና ኮርኒሱ ነው። እሱን የሚያገኘው እንፋሎትና ከአየር ጋር የሚወጣ ስስ ቅባት ብቻ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ከምድጃና ከማጠቢያው ጀርባ ያለው 3 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን 4.5 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት እጅ ሲቀባ 9 ካሬ ሜትር። ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ምርጡን ቀለም ብትፈልጉ እንኳ የሚያስፈልጋችሁ 1 ሊትር ነው! ውዱን በቆርቆሮ፣ ርካሹን በባልዲ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ማት ፕላስቲክ ቀለም

ይቅር ባይ ቀለም ነው። ልስኑ ወጣ ገባ ቢሆን ይሸፍናል፣ በሩሎ ስትቀቡት መስመር አያወጣም፣ ሲጫር ነካ ብታደርጉት ጥገናው አይታይም። ዋጋውም ቀላል ነው።

ችግሩ ዘይት ሲያርፍበት ይጠጣዋል። የዘይት ነጠብጣቡን በስፖንጅ ስትፈትጉት ወይ ቀለሙ አብሮ ይነሳል፣ ወይ የፈተጋችሁት ቦታ ብቻ ያብለጨልጭና ከሩቅ ሌላ ዓይነት ነጠብጣብ ይሆንባችኋል። ለሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም ለላይኛው ግድግዳና ለኮርኒስ፣ ከሱ የተሻለ የለም። ወደ ምድጃው ግን አታስጠጉት። እውነት ለመናገር አሁን አሁን ማት ሆነው በፍትጊያው መለኪያ ክፍል 1 የሚደርሱ ቀለሞች አሉ፤ ግድግዳችሁ ጎርበጥባጣ ሆኖ ብልጭታ የምትጠሉ ከሆነ ፈልጓቸው፤ ዋጋቸው ግን የማት አይደለም።

### ሳቲን እና ሴሚ ግሎስ ፕላስቲክ ቀለም

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ለሁለተኛው ክፍል ሳቲን፣ ለአንደኛው ሴሚ ግሎስ። ንጹሕ አክሪሊክ የሚል ከተጻፈበት የበለጠ ጥሩ ነው፤ እርጥበትንና ሳሙናን በደንብ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ቢጫ አይሆንም። ሽታው ቀላል ነው። ሁለተኛውን እጅ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆይታችሁ መድገም ስለምትችሉ ጠዋት የጀመራችሁት ግድግዳ ማታ አልቆ ምድጃው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛው፦ «ደረቀ» ማለት «ጠነከረ» ማለት አይደለም። በአንድ ሰዓት ሲነካ ደርቋል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን የሾርባ ፍንጣቂ አይቶ በሳሙና ይፈትግና «ይሄ ቀለም ውሸት ነው» ይላል።

ሁለተኛው፦ የሚያብለጨልጭ አሮጌ ዘይት ቀለም ላይ በቀጥታ ከቀባችሁት አይዝም። ሲደርቅ ጥሩ ይመስላል፤ በጥፍር ስትፍቁት እንደ ፕላስቲክ ከረጢት ይነሳል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና የሚያጣብቅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) መቀባት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው፦ ጥገናው ይታያል። የተጫረውን ቦታ ብቻ ስትነኩት ብልጭታው ከዙሪያው አይገጥምም። ስለዚህ ስትጠግኑ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ግድግዳ ቀቡ። ስትቀቡም ጠርዙ ሳይደርቅ ቀጥሉ፤ ግድግዳው መሃል ላይ አቁማችሁ ሻይ ከጠጣችሁ የሻይዋ ሰዓት ለዓመታት መስመር ሆና ትታያለች።

«ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት» ተብሎ የሚሸጠውስ? አብዛኛው ሳቲን ወይም ሴሚ ግሎስ ሆኖ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ነው። መጥፎ አይደለም። መከላከያው ግን አዲስ ሻጋታ ላዩ ላይ እንዳይበቅል ያግዛል እንጂ ከሥር ያለውን አይገድልም፤ ከጊዜ ጋርም ይዳከማል። እንፋሎት መውጫ ያለው ኩሽና ከሆነ ያለሱም ትኖራላችሁ።

### ዘይት ቀለም

ከላይ ሳማርር አይታችሁኛል፤ ፍትሐዊ ልሁንለት። ሲደርቅ ከፕላስቲክ ቀለም ይጠነክራል፣ የብሩሽ መስመር ይውጣል፣ የጭስና የውሃ ነጠብጣብ ከሥር እንዳይወጣ ያፍናል። ለእንጨት በርና መስኮት፣ ለብረት መደርደሪያ ዛሬም ጥሩ ነው።

ግድግዳ ላይ ሲመጣ ግን ዕዳው ይበዛል። ሁለተኛው እጅ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይጠብቃል፤ ሽታው ከዚያም በላይ ይቆያል። ነጩ ይወይባል፤ ያውም ብርሃን በማይደርስበት፣ ከካቢኔቱ ሥርና ከፍሪጁ ጀርባ ይብሳል፤ አሞኒያ ያለው ማጽጃ ደግሞ ያፋጥነዋል። ፍሪጁን አንድ ቀን ስታንቀሳቅሱ ግድግዳው ላይ የፍሪጁን ቅርጽ በቢጫ ተስሎ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ እርጥበት አያሳልፍም፤ ከግድግዳው ውስጥ ውሃ ካለ ፊኛ አድርጎ ያወጣዋል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሩት። ትኩስ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ማለትም ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ዘይቱን ቃል በቃል ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይላጣል።

ደኅንነቱም አለ። በዘይት ቀለም ስትቀቡ የምድጃው እሳት ይጥፋ፣ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ የአኳራጅ ትነት እሳት ይይዛል። የተጨማደደ የዘይት ቀለም ጨርቅ ጥግ ላይ ከምራችሁ አትተዉ፤ ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርጉት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስትገዙም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) የሌለበት መሆኑን ጠይቁ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የሚመክረው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ ነው። የቆየ ዘይት ቀለም ያለበትን ግድግዳ ደግሞ በደረቁ አትፈግፍጉት። ሊድ ካለበት አቧራው ለልጆች መርዝ ነው። እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ ልጆችን አርቁ።

### ኤፖክሲ

ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙና ማጠንከሪያው። ከተደባለቀ በኋላ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ ካልጨረሳችሁት ባልዲው ውስጥ ይደርቃል። ዘይት፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ምንም አይበግረውም። የምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ በየቀኑ በሙቅ ውሃ ለሚታጠብ ግድግዳ ትርጉም አለው። ለቤት ግን ይበዛል። ግድግዳው ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ያለ ጓንት ቆዳ ያስቆጣል፣ አንድ ቀን ማንሳት ቢያስፈልጋችሁ ደግሞ ልስኑን ይዞ ነው የሚመጣው።

### ኖራ

ርካሽ ነው፣ ግድግዳውን ያስተነፍሳል፣ ባሕርዩ ሻጋታ አይወድም። ግን አይታጠብም፣ ልብስ ላይ ይራገፋል። በእንጨትና በከሰል ለሚበሰልበት፣ በየዓመቱ በጥላሸት ለሚጠቁር ኩሽና አሁንም ብልህ ምርጫ ነው፤ ሲጠቁር ጠርጎ መድገም ነው። ወደ ፕላስቲክ ቀለም መዞር ከፈለጋችሁ ግን የሚራገፈው ኖራ ተፍቆ መውጣት አለበት።

### አለመቀባት

ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ መለጠፍ። ቀለም አይደለም፤ ግን አንደኛውን ክፍል ከጥያቄው ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ለቀረው ግድግዳ ሳቲን በቂ ነው።

## ባጭሩ

| ዓይነት | ሲፈተግ | እንፋሎት | መወየብ | ጉድለት መደበቅ | ቀጣዩ እጅ | ወጪ | ቦታው |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ማት ፕላስቲክ | ደካማ | መካከለኛ | የለም | በጣም ጥሩ | 2–4 ሰዓት | ዝቅተኛ | ኮርኒስ፣ ላይኛው ግድግዳ |
| ሳቲን ፕላስቲክ | ጥሩ | ጥሩ | የለም | መካከለኛ | 2–4 ሰዓት | መካከለኛ | እጅ የሚደርስበት ሁሉ |
| ሴሚ ግሎስ ፕላስቲክ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | የለም | ደካማ | 2–4 ሰዓት | ከመካከለኛ በላይ | ከምድጃና ማጠቢያ ጀርባ |
| ዘይት ቀለም | በጣም ጥሩ | ግድግዳው ደረቅ ከሆነ | አለ | ደካማ | 16–24 ሰዓት | መካከለኛ | በር፣ መስኮት፣ ብረት |
| ኤፖክሲ | ከሁሉም በላይ | ግድግዳው ደረቅ ከሆነ | ፀሐይ ላይ አለ | ደካማ | እንደ መመሪያው | ከፍተኛ | የምግብ ቤት ኩሽና |
| ኖራ | አይታጠብም | ጥሩ | ጥላሸት ይይዛል | መካከለኛ | በማግስቱ | ዝቅተኛ | የእንጨትና የከሰል ኩሽና |
| ሴራሚክ | ከሁሉም በላይ | በጣም ጥሩ | የለም | አይመለከተውም | አይመለከተውም | ከፍተኛ | ከጠረጴዛው በላይ |

## እንደየአቅምና እንደየሁኔታው

ተከራይ ከሆናችሁ ብዙ አትልፉ። ግድግዳውን በደንብ እጠቡ፣ ላዩን በማት፣ ከምድጃው ጀርባ ያለውን በ1 ሊትር ሴሚ ግሎስ ጨርሱ። ዘይት ቀለም አትንኩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይረግማችኋል።

ኪስ ጠበብ ካለ ከቀለሙ ሳይሆን ከስፋቱ ቀንሱ። መካከለኛ ቀለም ክፍሉን ሙሉ ከመቀባት ይልቅ እስከ ትከሻ ቁመት ጥሩ ሳቲን፣ ከዚያ በላይ ርካሽ ማት። መሃል ላይ በወረቀት ፕላስተር ቀጥ ያለ መስመር ስታወጡ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ ደግሞም ነው።

የራሳችሁ ቤት ሆኖ ለዓመታት ላለማየት የምትፈልጉ ከሆነ ሴራሚኩን አድርጉና ቀሪውን ሳቲን። ይሄ ላይ ብዙ መከራከር የሚቻል አይመስለኝም።

አሮጌው ግድግዳ ዘይት ቀለም ከሆነና አጥብቆ ከያዘ ሁለት መንገድ አላችሁ፦ ፈግፍጎ በዘይት ቀለም መድገም፣ ወይም ፈግፍጎ፣ ፕራይመር መትቶ ወደ ሳቲን መዞር። ሁለተኛው ይሻላል፤ ድካሙ አንዴ ነው። አሮጌው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ እሹት። ጥጡ ከለር ከያዘና ቀለሙ ከለሰለሰ ፕላስቲክ ነው፣ ምንም ካልሆነ ዘይት ቀለም።

አዲስ ልስን ከሆነ 4 ሳምንት ገደማ ይድረቅ። ችኮላ ካለ በዚያ መሃል ኮርኒሱን፣ በሩን፣ ካቢኔቱን ጨርሱ።

## ቀለሙ ሳይሆን ሥራው የሚያበላሸው

የትኛውንም ብትመርጡ ከታች ያሉትን ካለፋችኋቸው ምርጫው ዋጋ የለውም።

ዘይቱ ይውጣ። እቃ ማጠቢያ ሳሙና በሙቅ ውሃ፣ ከታች ወደ ላይ እጠቡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ደረቁ ላይ መስመር ይሠራል። ከዚያ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ምክንያቱም የቀረ ሳሙናም እንደ ዘይቱ ቀለሙን አያስይዝም። አሁን ግድግዳው ላይ ውሃ ርጩ። ውሃው እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ዘይቱ አልወጣም፤ ድገሙ። ስስ ሆኖ ከተዘረጋ ወጥቷል። መፈግፈጉ ከመታጠቡ በኋላ ይሁን፤ ሳይታጠብ የሚፈገፈግ ግድግዳ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይሰዳል።

አሮጌው ቀለም ይዟል ወይ? በምላጭ ትንሽ የዳማ ሰሌዳ ቆርጣችሁበት ፕላስተር ለጥፉና በአንዴ ንቀሉት። ከፕላስተሩ ጋር ካሬዎቹ ከመጡ የሚላጠው ተፍቆ ማለቅ አለበት። ደካማ ቀለም ላይ የተቀባ ጠንካራ ቀለም ደካማውን ይዞት ነው የሚወርደው።

እርጥበቱ ከየት ነው? ይሄን ሳያውቁ መቀባት ትልቁ የገንዘብ ብክነት ነው። ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አሽጉና 24 ሰዓት ተዉት። ውሃው ከላስቲኩ በስተውጭ፣ በክፍሉ በኩል ካረፈ ጉዳዩ የኩሽናው እንፋሎት ነው፦ መስኮት፣ ጭስ መሳቢያ፣ የድስት ክዳን። በስተውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ካላበ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ አለበት፤ ቧንቧ ይፈተሽ፣ ከውጭ የሚገባ ዝናብ ይፈለግ። ያን ጊዜ ቀለም አትግዙ፣ ቧንቧ ሠሪ ጥሩ።

ሻጋታ ካለ ሳይገደል አይቀባም። በ4 ሊትር ውሃ ከሩብ ሊትር ያልበለጠ በረኪና፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ጥረጉ፣ አለቅልቁ፣ ይድረቅ። በረኪናን ከአሞኒያም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የጭስና የውሃ ነጠብጣብ ደግሞ በፕላስቲክ ቀለም አይሸፈንም። አምስት እጅ ብትቀቡም በማግስቱ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ነጠብጣቡን ብቻ ነጠብጣብ በሚያፍን ፕራይመር ነካ አድርጉና ከዚያ ቀቡ። ብዙ ባለሙያ ይሄን «አንድ እጅ ይጨመር» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ቀለም ሻጩም አይቃወምም።

ስቱኮ የተሞላበት ቦታም እንዲሁ ፕራይመር ይፈልጋል። ካልተደረገለት ቀለሙን ጠጥቶ በሳቲን መሃል የደበዘዘ ቁራጭ ይሆናል።

ቀለሙን በውሃ ማቅጠን ላይ ቁጥብ ሁኑ። ባልዲው 10 ከመቶ ካለ 10 ከመቶ ነው። ባለሙያው ባልዲውን ወስዶ ውሃ ቧንቧ ጋ ሲቆም እናንተም አብራችሁ ቁሙ።

የምትቀቡበት ቀንም ይታይ። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ፕላስቲክ ቀለም በደንብ አይያያዝም። በዚያ ቀን ደግሞ ድስት አይጣድ። ይሄን የምለው አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ቀብታችሁ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ፣ ውሃ አፍልታችሁ መስኮቱ ተዘግቶ ከነበረ፣ ግድግዳው ላይ ማር የሚመስል ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ ወርዶ ታገኛላችሁ። ሁሉም ሰው ዘይት ወይም ዝገት ይመስለዋል፤ አንድ ጎረቤቴ ቀለሙ የተጭበረበረ ነው ብሎ ባልዲውን ተሸክሞ ሊመልስ ሄዶ ነበር። አይደለም። ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለ ሳሙና መሰል ነገር ነው፤ ቀለሙ ሳይጠነክር እንፋሎት ሲያርፍበት ወደ ላይ ይወጣል። አትፈትጉት፣ ደግማችሁም አትቀቡበት። ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ሁለት ሦስቴ ይመለሳል፣ ከዚያ ያቆማል።